ፊዚዮቴራፒ የክርን ጅማቴን አብሶትም አሽሎትም ያውቃል

አናጢ ነኝ። የቁም ሳጥን ሥራ በተደራረበብኝ ሰሞን ቀኝ ክርኔ በውጭ በኩል ያመኝ ጀመር። መዶሻ ስመታ ብዙም አይሰማኝም፤ ካቻቢቴ ስጠመዝዝ ግን ነፍሴ ልትወጣ! ቤት ደግሞ ጀበና አንስቼ መቅዳት አቃተኝ። ሐኪሙ ቴኒስ ኤልቦ ነው አለኝ። የእጅን አንጓ ወደ ላይ የሚያነሳው ጅማት ክርን ላይ ከአጥንቱ ጋር የሚያያዝበት ቦታ ሲጎዳ የሚመጣ ነው፤ ቴኒስ መጫወት አያስፈልገውም።

እናቴ ወጌሻ ጋ ሂድ አለችኝ። ጓደኞቼ ደግሞ መርፌ ተወግተህ ተገላገል አሉ። የኮርቲዞኑ መርፌ (ቁጣውን የሚያበርድ መድኃኒት ነው) ቶሎ ያስታግሳል፣ እውነት ነው፤ ችግሩ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ኔዘርላንድ ውስጥ በ185 ታማሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት ታትሞ ነበር። በስድስተኛው ሳምንት መርፌ የተወጉት ከሁሉም በልጠው ተሽሏቸው ነበር። ከዓመት በኋላ ግን ፊዚዮቴራፒ ከተሰጣቸው 91 በመቶ፣ ዝም ብለው ከጠበቁት 83 በመቶ፣ መርፌ ከተወጉት 69 በመቶ ዳኑ። ዝም ብለው የጠበቁትም ያን ያህል አልተበለጡም፣ ልብ በሉ። እኔ ግን እንጀራዬ እጄ ላይ ነው፤ ዓመት ቁጭ ብዬ የምጠብቅበት አቅም የለኝም።

ስለዚህ ፊዚዮቴራፒ ጀመርኩ። መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ የሚያመኝን ነጥብ በአውራ ጣት እየተጫኑ አሹኝ። ከዚያ ክንዴን ቀጥ አድርገው አንጓዬን ወደ ታች አጠፉት፣ እንባዬ እስኪመጣ። «ካላመመ አይድንም» ነው መልሳቸው። በማግስቱ የበር ቁልፍ ማዞር አቃተኝ፤ በሄድኩ ቁጥርም ያው ነበር። የተቆጣ ጅማት እንዲህ ሲወጠር አጥንቱ ላይ ይጨመቃል፣ ይብሳል እንጂ አይበርድም። ተውኩት።

ሁለተኛዋ ባለሙያ ወጣት ልጅ ናት። እጄን ከመንካቷ በፊት ቀኑን ሙሉ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ጅማት መታሸት ሳይሆን ሥራ ነው የሚፈልገው፤ ግን በልኩ» አለችኝ።

መጀመሪያ ክንዴን ጠረጴዛ ላይ መዳፌን ወደ ታች አድርጌ አስተኛሁ። በግራ እጄ የቀኙን ጀርባ እጫናለሁ፣ ቀኙ ሳይንቀሳቀስ ይገፋል። 45 ሰከንድ፣ አረፍ፣ እንደገና፣ 5 ጊዜ። እሱ ሲለምድልኝ ውሃ በግማሽ የሞላ ሃይላንድ ይዤ አንጓዬን በጣም ቀስ እያልኩ ማንሳትና ማውረድ ጀመርኩ፤ እየቆየ የአንድ ሊትሩን ሞላሁት፣ ያው አንድ ኪሎ ማለት ነው። ቀጥሎ የመጣው የራሴ መዶሻ ነው! እጀታውን ይዞ መዳፍን ቀስ ብሎ ወደ ላይና ወደ ታች ማዞር። ወደ ብረቱ ጠጋ ብለው ሲይዙት ይቀላል፣ ጫፉን ሲይዙት ይከብዳል።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ የሕመም ልኳ ነው። ሕመሙ ከ10 ሲለካ፣ እየሠሩ 3 ወይም 4 ድረስ ቢያም ችግር የለውም፤ በማግስቱ ጠዋት ግን ወደነበረበት መመለስ አለበት። ካልተመለሰ በዝቷል፣ ይቀነሳል። እኔ ጠዋት የማየው በበሩ ቁልፍ ነው። ያለ ችግር ከዞረልኝ እቀጥላለሁ፣ ከቆጠቆጠኝ ውሃውን አጎድላለሁ።

ሥራዬንም ቀየርኩ። ብሎን በማሽን ነው የማስረው፤ ጣውላ ሳነሳ መዳፌን ወደ ላይ አደርጋለሁ፣ ያኔ ያ ጅማት ብዙ አይጎተትም። ለውጡ የታየኝ ከሳምንታት በኋላ ነው። ጅማት ዘገምተኛ ነው፣ ሦስት ወር ያህል ካልታገሳችሁት አትጀምሩት።

ጣት የሚደነዝዛችሁ፣ ሕመሙ ከአንገት የሚወርድባችሁ ወይም ድንገት ጧ ብሎ ክንዳችሁ የከዳችሁ ግን ይሄን አትሞክሩ፣ ሐኪም ይያችሁ።

አሁንም የኮርኒስ ሥራ ስይዝ ትንሽ ያመኛል። ያን ሰሞን ሃይላንዱን በግማሽ አድርጌ እሠራለሁ እንጂ አልተወውም።