እማዬና ክሩ

እህቴ ዛሬ ለሥራ ናይሮቢ ሄደች። ከሐዋሳ አዲስ አበባ በመኪና፣ ከዚያ በአውሮፕላን። እማዬ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያላት፦ «ልጄ፣ ሩቅ ነው?»

የድሮ አትላሴን አወጣሁ። ከጋቢዋ ጫፍ ክር መዘዝኩና ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ ወጠርኩት። በአየር 1,160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሁለት ሰዓት ያህል በረራ። እማዬ ጣቷን ክሩ ላይ አድርጋ ቀስ እያለች ወደ ታች ወረደች። ሐዋሳ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ታዲያ በእኛ በኩል ነው እንዴ የምታልፈው?»

እውነቷን ነው። ክሩ ልክ ከተማችን ላይ ተኝቷል። ከዚህ ቀጥታ ቢበረር 950 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። እህቴ ግን መጀመሪያ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ሄዳ ነው ወደ ደቡብ የምትመለሰው። ይሄ አንጀቴን በላው። በዲላ፣ በሞያሌ አድርጎ የሚሻገር አስፋልትም አለ፤ ግን ሞያሌ ለመድረስ ብቻ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ማታ የእህቴ ስልክ ሲዘጋ እማዬ ጋቢዋን ደርባ ደጅ ወጣች። ሰማዩ ደመና ነው፣ ምንም አይታይም። ግቢ ብላት እምቢ አለች። እኔም አጠገቧ ቆምኩ።