የ4.4 ሜትሯ ቁራጭ

ጅማ መርካቶ ያሉትን የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች አንድ በአንድ ዞርኳቸው። አንቴናን ከመሣሪያ ጋር የሚያገናኝ 50 ኦም ኮአክሲያል ገመድ የለም። ያለው የዲሽ ገመድ ነው፤ እሱ ደግሞ 75 ኦም ነው። 22 ሜትር ገዝቼ ገባሁ።

አንቴናዬ ለ20 ሜትር ባንድ የሠራሁት ዳይፖል የሚባል የሽቦ አንቴና ነው። ለሽቦው ርዝመት 143ን ለ14.2 ሜጋኸርዝ ሲያካፍሉት 10 ሜትር ከ7 ሳንቲ ይመጣል። ሽቦውን ለሁለት ከፍዬ ከቤቱ ጥግ እስከ አቮካዶው ዛፍ ዘረጋሁት። ማሰራጫ የለኝም። የምወደው ማዳመጥና መለካት ነው፤ ለመለካት ናኖ ቪኤንኤ የምትባል ትንሽ የአንቴና መለኪያ አለችኝ።

ገመዱን ሰክቼ ኤስደብሊውአሩን ሳየው 2.3። ይህ ቁጥር ሞገዱ ምን ያህል ተመልሶ እንደሚመጣ ያሳያል፤ 1 ከሆነ ምንም አይመለስም። ሽቦውን አሳጠርኩ፣ መልሼ አስረዘምኩ። ጠብ አላለም። ሁለት ቅዳሜ መሰላል ላይ ስወጣና ስወርድ አለፈ። በመጨረሻ ገመዱ ግቢው ላይ ተርፎ ስለተዝረከረከ ብቻ 4.4 ሜትር ቆረጥኩለት። መልሼ ስለካ ከ1.1 በታች!

ደስታዬን ለመናገር ሬዲዮ ጥገና ያስተማሩኝ ጋሼ ጋ ደወልኩ። ዝም ብለው አዳመጡኝና፣ «አንቴናውን ነካኸው እንዴ?» አሉኝ።

«አይ፣ ገመዱን ነው የቆረጥኩት።»

«እንግዲያው አንቴናው ያው የትናንቱ ነው። እስቲ አንቴናውን ንቀልና 50 ኦሟን ሎድ ጫፉ ላይ ሰክተህ እየው።»

ሎዷ ከመሣሪያው ጋር የመጣች፣ በአንቴና ፋንታ የምትሰካ ትንሽ ሬዚስተር ናት። ቁራጩን መልሼ ቀጠልኩና 22 ሜትሩ ጫፍ ላይ ሰካኋት። መሣሪያው የሚፈልገው 50 ኦም ነው፣ ሎዷም 50 ኦም ናት። ንባቡ ግን 2.2 ሆነ። አንቴና በሌለበት! ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ።

ሞገድ በዚህ ገመድ ውስጥ በአየር ላይ ካለው ፍጥነት 83 በመቶ ያህል ነው የሚሄደው። ስለዚህ አየር ላይ 21.1 ሜትር የሆነው ሞገድ ገመዱ ውስጥ 17.5 ሜትር ይሆናል፤ ሩብ ሞገድ ደግሞ 4.4 ሜትር አካባቢ። ገመዱ ልክ ግማሽ ሞገድ ወይም የግማሽ ብዜት ከሆነ ጫፉ ላይ ያለውን ኢምፒዳንስ፣ ማለትም በኦም የሚለካውን ለሞገዱ ያለውን ተቃውሞ፣ እንዳለ ያሳያል። ሩብ ከተረፈ ግን ይገለብጠዋል፤ 75 በ75 ተባዝቶ ለ50 ሲካፈል 112 ኦም ገደማ ነው። የኔ 22 ሜትር አምስት ሩብ ነበር። ስቆርጠው አራት ሩብ ሆነ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ሞገድ።

ገመዱ ላይ ያለው እውነተኛ ኤስደብሊውአር ግን አልተለወጠም፤ ስቆርጥም ሳልቆርጥም ከ1.5 ትንሽ ከፍ ያለ ነው። የተለወጠው ለ50 ኦም የተሠራው መሣሪያዬ ከታች የሚያየው ነው። ገመዱም መሣሪያውም 50 ኦም ቢሆኑ ኖሮ ርዝመት ይህን ያህል አያምታታም ነበር።

አሁን ካሊብሬሽኑን (ከመለካት በፊት መሣሪያውን ማስተካከሉን) የምሠራው ከገመዱ ማዶ ጫፍ ነው። ክፍት፣ ሾርትና ሎድ የሚባሉትን ሦስት ማመሳከሪያዎች እዚያ እየሰካሁ። እንዲህ ስለካው አንቴናዬ 47 ኦም ሆኖ ተገኘ። ዳይፖል በነፃ ቦታ 73 ኦም ነው ይባላል፤ የኔ ከቆርቆሮው ብዙም ስለማይርቅ ነው የወረደው።

አንድ ነገር ግን ቀረ። ገመዱን በእጄ ስይዘው ቁጥሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህ ከኢምፒዳንሱ ጉዳይ የተለየ ነው፤ በገመዱ የውጭ ሽቦ ላይ ከረንት እየፈሰሰ ገመዱ ራሱ አንቴና ሆኗል ማለት ነው። አንቴናው ሥር ገመዱን 8 ዙር ጠምጥሜ በፕላስቲክ ማሰሪያ አሰርኩት። ቁጥሩ ቀጥ አለ።

በጅማ ዝናብ ደግሞ ኮኔክተሩን በደንብ መሸፈን ግድ ነው። ውኃ የገባበት ገመድ ኃይል ይበላል። የሚመለሰውንም ስለሚበላው ኤስደብሊውአሩ ከታች ሲታይ ያማረ ይመስላል፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ይኸኛው ነው።

ቁራጯን አልጣልኳትም። ሁለቱም ጫፎቿ ላይ ኮኔክተር አስሬ ግድግዳው ላይ ሰቅያታለሁ። «አንቴናዬ አስቸገረኝ» የሚል ሰው ሲመጣ አወርዳትና ገመዱ ላይ እቀጥላታለሁ። ከዚያ ስክሪኑን እንዲያይ እሰጠዋለሁ።