ፍላድ የሚባለውን የጀርመን ስም ፈለግ እንዴት እንደተከተልሁ

በዚህ በጀርመን አገር የሚኖር ሐበሻ የአንድ ጀርመን ቤተሰብ ስም ከየት እንደመጣ ልፈልግ ብሎ ቢነሣ፣ ከአሮጌው የእጅ ጽሕፈትና ከቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ይልቅ የሚያለፋው የመዝጋቢው ቢሮ ነው። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ወራት ሙሉ በከንቱ ባልተመላለስሁ ነበር። እኔ ያጣሁትን ምክር ሌላው እንዳያጣ ነው የምጽፈው።

ልጆቼ በእኔ በኩል ወገናቸውን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ አባቴ በስልክ አስጠንቷቸዋል። በአባታቸው በኩል ግን ከቅድመ አያት በላይ የሚያውቅ የለም። ባሌ በደቡብ ምዕራብ ጀርመን ያለው የቩርተምበርግ ሰው ነው። አማቴን ስጠይቃቸው፣ «የእናቴ የትውልድ ስም ፍላድ ነበር፤ ወገኖቻችን ከአልብ ተራራ የወረዱ ናቸው» አሉኝ። ከዚያ በላይ የሚያውቁት አልነበረም።

የአፄ ቴዎድሮስን ዘመን ታሪክ ያነበበ ኢትዮጵያዊ ፍላድ የሚለውን ስም ሰምቶ ዝም ብሎ አያልፍም። ዮሐን ማርቲን ፍላድ በ1831 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ኡንዲንገን በምትባል የአልብ መንደር ተወለደ። ባዝል አጠገብ በሚገኘው በቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረ። በ1855 ከሚስዮናዊው ከዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ጋር መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀረበ፤ በኋላም ደንቢያ ውስጥ ጀንዳ ላይ ተቀምጦ በቤተ እስራኤል መካከል ሰበከ። በ1866 ቴዎድሮስ ደብዳቤ አስይዘው ወደ እንግሊዝ ሲልኩት ሚስቱንና ልጆቹን በመያዣነት አስቀሩበት። ሰውየው ለንደን ደርሶ፣ የሚጠብቀውን እያወቀ ተመልሶ መጣ። በ1868 መቅደላ ሲወድቅ ከቤተሰቡ ጋር ነጻ ወጣ፤ በ1915 ሽቱትጋርት አጠገብ ኮርንታል ውስጥ ሞተ። ስለ ሚስዮናውያኑ ሥራ የየራሳችን አስተያየት ሊኖረን ይችላል፤ ቤተሰቡን ጥሎ ላለመቅረት ወደ እስር የተመለሰን ሰው ግን እኔ አከብራለሁ። የልጆቼ ቅድመ አያት የእርሱ ወገን ይሆኑ ወይ? ጥያቄዬ ይህ ነበር።

ቀላሉን ነገር ቶሎ ልለፈው። የስሙን ትርጉም በጀርመን የቤተሰብ ስም መዝገበ ቃላት ፈለግሁ፤ ስርጭቱን በካርታ አየሁ፤ አማቴ በካርቶን ያስቀመጧቸውን ወረቀቶች ፎቶ አነሣሁ። «የቤተሰብዎን አርማ እንልክልዎ» የሚሉትን ነጋዴዎች አለፍኋቸው። እናንተም እለፏቸው፤ አርማ የአንድ የታወቀ ቤተሰብ እንጂ ያን ስም የተሸከመ ሰው ሁሉ ንብረት አይደለም።

ትርጉሙ ደስ የሚያሰኝ ነው። በመካከለኛው ዘመን ጀርመንኛ ፍላደ ሰፊና ስስ ቂጣ ነው። ዛሬም ጀርመኖች ፍላደን የሚሉት ጠፍጣፋውን እንጀራ ሁሉ ነው፤ የእኛንም እንጀራ ሲያስረዱ በዚሁ ቃል ይጠሩታል። በደቡብ ምዕራብ ጀርመን ከ12ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ከተሞች ሲሰፉና ዮሐንስና ኮንራድ የሚባለው ሰው ሲበዛ፣ ሰው በሥራው፣ በመልኩ፣ በሠፈሩ ወይም በሚሠራው ዕቃ ተጨማሪ ስም ይሰጠው ጀመር። ስሙም ቀስ በቀስ ከአባት ወደ ልጅ ይወረስ ገባ። ጋጋሪን «ጋጋሪ» ብሎ መጥራት አንዱ መንገድ ነበር፤ በሚጋግረው መጥራት ደግሞ ሌላው። ፍላድ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው። ክራፕፍ የሚለው ስምም ከዚሁ የራቀ አይደለም፤ ወይ ሜንጦ ነው ወይ እንደ ሜንጦ ተቆልምሞ የሚጠበስ ሊጥ።

ስርጭቱን ለማየት የሚጠቅመው የስልክ ማውጫ ነው። እዚህ ላይ የምሰጠው ምክር ብዙዎች ከሚሉት ይለያል፤ አዲሱን ማውጫ ተዉት። ሰው የቤት ስልኩን እየዘጋ ወደ ሞባይል ስለሄደ የዛሬ ማውጫ ባዶውን ቀርቷል። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የጀርመንን የስም አትላስ የሠሩት በ2005 የቤት ስልክ ዝርዝር ነው። የፍላድ ካርታ በደቡብ ምዕራብ ነጠብጣቦቹ ይሰበሰባሉ፤ ወደ ሰሜን ሲኬድ እየሳሳ ይሄዳል። አንድ የስልክ መስመር ግን አንድ ቤት እንጂ አንድ ሰው አለመሆኑን አትርሱ። ያገባችው ሴት ደግሞ በባሏ ስም ውስጥ ተሰውራለች።

አሁን ወደ ቢሮው ልምጣ።

የፈለግሁት የባሌን ቅድመ አያት፣ ማለትም ፍላድ የሚለውን ስም ለልጃቸው ያወረሱትን ሰው፣ የልደት መዝገብ ነው። የተወለዱት ከ1900 በፊት ነው። የከተማው ድረ ገጽ «ማመልከቻውን ሞልተው፣ ዝምድናዎን በማስረጃ አስደግፈው ለሽታንደስአምት ያቅርቡ» ይላል፤ ሽታንደስአምት ያ የመዝጋቢው ቢሮ ነው። እንደተባለው አደረግሁ። ቴርሚን (ቀጠሮ) ያዝሁ፤ ባሌ የፈረመበትን ውክልና፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችንን፣ ፓስፖርቴን ይዤ ሄድሁ።

ጸሐፊዋ መጀመሪያ ያነሣችው የእኔን ፓስፖርት ነው። «በፓስፖርትዎ ሦስት ስም አለ፤ በጋብቻ ወረቀትዎ ሁለት ነው። ሦስተኛው የማን ነው?» አለችኝ።

«የአያቴ ነው።»

«ታዲያ የቤተሰብ ስምዎ የትኛው ነው?»

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራሴ ስም የኔ ነው፣ ቀጥሎ ያለው የአባቴ፣ ከዚያም የአያቴ ነው ብዬ አስረዳሁ። «ስለዚህ አባትዎና እርስዎ ስማችሁ አንድ አይደለም?» አለች። አይደለም አልሁ። ይህ በሕግ የታወቀ ነገር ነው፤ ጀርመን ለእንደኛ ያለው ሰው ስሙን ከጀርመን ሥርዓት ጋር የሚያስተካክልበት አንቀጽ አለው፤ ዜግነት የወሰዱ ብዙ ሐበሾች በዚያው ፈርመው የአባታቸውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገዋል። እኔ ዜግነቴን ስላልለወጥሁ ያን አላደረግሁም። እርሷ ግን ከኤምባሲ የስም ማስረጃ እንዳመጣ ጠየቀች። ከመቶ ዓመት በፊት የተወለዱትን ሽማግሌ መዝገብ ለማየት የራሴን ስም እንዳስመሰክር ነው!

አመጣሁ። ቀጥሎ የዝምድናው ሰንሰለት ተጠየቀ፤ የባሌ ልደት፣ የአማቴ ልደት፣ የባሌ አያት ልደትና ጋብቻ። አማቴ በካርቶን ያስቀመጡት አሮጌ ወረቀት አልበቃም፤ በቅርቡ የወጣ መሆን አለበት ተባለ። የባሌ አያት ጋብቻ የተመዘገበው በሌላ ከተማ ነው፤ እዚያም ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ክፍያ። ሁሉን አሟልቼ በፖስታ ላክሁ፤ በኢሜይል አንቀበልም ብለውኛልና። ከዚያ ዝምታ ሆነ። ስደውል ጸሐፊዋ ፈቃድ ላይ ነች፤ ደግሜ ስደውል ፋይሉ በሌላ ሰው እጅ ነው። ሌላው ሰው ደግሞ ውክልናው ላይ የባሌ ፊርማ እንዲረጋገጥ ፈለገ። ባሌ ከሥራ ቀርቶ ሄዶ ፈረመ።

በመጨረሻ አንድ ደብዳቤ መጣ፦ የተጠየቀው መዝገብ የማቆያ ዘመኑ ስላለፈ ወደ ከተማው ቤተ መዛግብት ተላልፏል፤ ጥያቄዎን ለዚያ ያቅርቡ። ሌላ ቃል የለውም።

እስካሁን ስጽፈው ያናድደኛል። ሕጉ ግልጽ ነው። የልደት መዝገብ በሽታንደስአምት የሚቆየው 110 ዓመት ነው፤ የጋብቻ 80፣ የሞት 30። ዘመኑ ሲያልፍ ወደ ቤተ መዛግብት ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ዝምድና ማስመስከር አያስፈልግም፤ ማንም ሰው መጠየቅ ይችላል። ያቺ ጸሐፊ ማመልከቻዬ ላይ የጻፍሁትን የልደት ዓመት አይታ በመጀመሪያው ቴርሚን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልትመልሰኝ ትችል ነበር። ያየችው ግን የእኔን ስም ነው።

ለቤተ መዛግብቱ በራሴ ስም፣ ያለ ውክልናና ያለ ኤምባሲ ወረቀት፣ አጭር ኢሜይል ጻፍሁ። ብዙም ሳይቆይ የገጹን ስካን ላኩልኝ፤ የመዝገብ ባለሙያው አንድ ያልተነበበ ቃል ራሱ ፈትቶ ከታች ጽፎልኝ ነበር። ስለዚህ ድረ ገጹ ምንም ይበል፣ መጀመሪያ ዓመቱን ቁጠሩ። ዘመኑ ካለፈ ሽታንደስአምትን አትርገጡ። ማኅተም ያለበትን የተረጋገጠ ቅጂም አትጠይቁ፤ ለፍርድ ቤት ካልሆነ ተራ ስካን ይበቃል፣ ጥግ ላይ በኋላ የተጨመሩትን ጽሑፎችም ያሳያል። ደግሞም ጀርመናዊ ባል ወይም ሚስት ስላላችሁ እነርሱ ይጻፉ የሚሏችሁን አትስሙ። መብቱ የማንም ሰው ነው፤ በራሳችሁ ስም ጻፉ።

ከ1876 በፊት በቩርተምበርግ የመንግሥት መዝገብ አልነበረም፤ ያለው የቤተ ክርስቲያን ነው። የቩርተምበርግ ፕሮቴስታንቶች መዝገብ በብዙ ቦታ ከ1558 ጀምሮ ይገኛል፤ የሠላሳው ዓመት ጦርነት ያቃጠለው ግን ብዙ ነው። አብዛኛው አርኪዮን በሚባለው በክፍያ የሚሠራ ገጽ ላይ ተነሥቶ ተቀምጧል። ሁሉም ሰው «ከጥምቀት መዝገብ ጀምሩ» ይላል። እኔ ለቩርተምበርግ ይህን አልመክርም። እዚያ ከ1808 ወዲህ ቄሶቹ የቤተሰብ መዝገብ ይይዙ ነበር፤ አባት፣ እናት፣ የሁለቱም ወላጆች፣ ልጆቹ ሁሉ በአንድ ገጽ ተዘርዝረዋል። ከእርሱ ጀምራችሁ ወደ ጥምቀቱ ብትወርዱ የሳምንታት ሥራ ይቀንስላችኋል።

ጽሕፈቱ ኩረንት የሚባለው አሮጌው የጀርመን የእጅ ጽሕፈት ነው፤ ከ1941 በኋላ በትምህርት ቤት ስላልተሰጠ ወጣት ጀርመኖችም አያነቡትም። «ኤ» እና «ኤን» የሚሏቸው ፊደላት መንታ ናቸው፤ «ኡ» ከላይ ባለችው ቅስት ትለያለች። ግዕዝ ፊደልን ከብራና ላይ ያነበበ ሰው አይፈራውም፤ እኔ የድቁና ትምህርት የተማረውን ወንድሜን አስቀምጬ አብረን ለመድነው፤ ጀርመንኛ ሳያውቅ ፊደሉን ከእኔ ቀድሞ ለየ።

አንድ ነገር ግን ማንም አይነግራችሁም። በ18ኛው መቶ ዓመት የሴት ስም በሴት አንቀጽ ይጻፍ ነበር፤ የፍላድ ሚስት ወይም ልጅ «ፍላዲን» ናት። በኮምፒውተር «ፍላድ» ብላችሁ ስትፈልጉ ሴቶቹ በሙሉ ይቀራሉ። መጨረሻው በ«ት» የተጻፈውንም ፈልጉ፤ ቄሱ የጻፈው የሰማውን ነው።

በዚህ መንገድ እስከ 1700ዎቹ መጀመሪያ ወጣሁ። ያገኘኋቸው ፍላዶች ጋጋሪዎች አልነበሩም፤ የአልብ ድሃ መሬት እንደሚያስገድደው ገበሬና የተልባ ጨርቅ ሸማኔዎች ነበሩ። ጋጋሪው ከመዝገብ በፊት የነበረ ሰው ነው። ከኡንዲንገኑ ፍላድ ጋር የሚያገናኝ መስመር አላገኘሁም፤ መንደሮቹ ቢቀራረቡም «ዘመዱ ናቸው» ብዬ ለልጆቼ አልነግርም። ያልተመዘገበ ዝምድና ከመፍጠር ባዶ ቦታውን ባዶ መተው ይሻላል።

ስሙ ለምን እንደሳሳም በዚያው በቤተሰባችን ገጽ ላይ ታየኝ። አንዳንዱ ተሰድዷል፤ ከባደን የሄደው መሐንዲስ ሄንሪ ፍላድ በሴንት ሉዊስ በ1874 የተመረቀውን የሚሲሲፒ ድልድይ ከሠሩት አንዱ ነው፤ ስሙ ያለበት መንገድም እዚያ አለ። እዚህ የቀረው ደግሞ በሴቶቹ በኩል ጠፋ። እስከ 1976 ድረስ ጀርመን ውስጥ ያገባች ሴት የባሏን ስም መውሰድ ግድ ነበረባት፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ይዘው እንዲቀሩ በሕግ የተደነገገው በ1994 ነው። የባሌ አያት ወንድም አልነበራቸውም፤ እርሳቸው ሲያገቡ በዚህ ቤት ፍላድ የሚለው ስም አለቀ። ከግንቦት 2025 ወዲህ ባልና ሚስት ሁለቱንም ስም አጣምረው መያዝ ይችላሉ፤ ለእርሳቸው ግን አልደረሰም። የእኔ የአባቴ ስም በልጆቼ የልደት ወረቀት ላይ እንዳለ ሳየው፣ እርሳቸው ያጡት ምን እንደሆነ ይገባኛል።

አሁን የሚቀረኝ የጎረቤት መንደሮች መዝገብ ነው። አርኪዮን የሚያስከፍለው በጊዜ ነው፤ ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የመንደሮቹን ስም፣ የእያንዳንዱ መዝገብ ከስንት ዓመት እንደሚጀምርና መንደሩ በየትኛው ደብር ሥር እንደነበረ በወረቀት አሰናዱ። ትንንሾቹ መንደሮች ብዙ ጊዜ የራሳቸው ቄስ አልነበራቸውም፤ ልጆቻቸው የተጠመቁት ጎረቤት ሄደው ነው፤ መዝገባቸውም በዚያ ደብር ስም ነው የሚገኘው።