መሪ ስንመርጥ ከድምፁ በፊት የሠራነው ሥራ

ክበቦቻችን የአንድ ዓለም አቀፍ የወጣቶች ድርጅት አካል ናቸው። ያሉትም በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢት፣ በአንኮበርና በመሐል ሜዳ ነው። የሰሜን ሸዋ አስተባባሪዎችን ምርጫ እንዳስፈጽም ስመደብ፣ መጀመሪያ ያሳሰበኝ ዕጩው ማን ነው ሳይሆን መራጩ ማን ነው የሚለው ነበር።

የደብረ ብርሃን አባላት ከሌላው ሁሉ ይበዛሉ። ዩኒቨርሲቲው እዚያ ነው፤ ስብሰባውም እዚያ። በሰው ብዛት ከሄድን ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ የመጣ ልጅ መቼም አይመረጥም። ስለዚህ ዓለም አቀፍ የወጣቶች ንቅናቄ የሆነውን የስካውቶችን አሠራር አየሁ። በዓለም የስካውት ጉባኤ እያንዳንዱ አገር አቀፍ ማኅበር እኩል ስድስት ድምፅ አለው። ሚሊዮኖችን ያቀፈው የኢንዶኔዥያ ማኅበርም ስድስት፣ የትንሽ አገር ማኅበርም ስድስት።

እኛም ለእያንዳንዱ ከተማ ሦስት ወኪል ሰጠን፤ ቢያንስ አንዷ ሴት ሆና። ክበቦቹ ራሳቸው መረጧቸው። ስማቸው ቀደም ብሎ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ወጣ።

ሰዓትም ያዳላል። ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ሁለት ሰዓት ስብሰባ መጥራት የመሐል ሜዳን ልጅ አትምጣ ማለት ነው። መንገዱ ላይ ባለው ከፍታ፣ ጣርማበር ላይ፣ ጉም ከወረደ መኪና ያዘግማል። ከሰዓት ስምንት ሰዓት አደረግነው።

ድምፁ በምስጢር እንዲሆን አጥብቄ ተከራከርኩ። እጅ በማውጣት ሲሆን ይሉኝታ አለ። «አብሮ አደጌን ዓይኑ እያየ እንዴት ልለፈው?» ያለችኝ አለች፤ እውነቷን ነው። ክፍሉ ጥግ ላይ ጠረጴዛ አስቀምጠን በጋቢ ጋረድነው። እያንዳንዱ ወረቀት ጀርባው ላይ ማኅተም ነበረው። ቆጠራው በሁሉም ፊት ሆነ። አንዷ ወረቀቱን ትከፍታለች፣ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ለዕጩዎቹ ታዛቢዎች ታሳያለች። ሌላው ሰሌዳው ላይ ያሰምራል፤ አራት ቁም፣ አምስተኛው አግድም።

ለጸሐፊነት ከቀረቡት ሦስት ዕጩዎች ሁለቱ እኩል መጡ። ቤቱ ተንጫጫ። ደግነቱ እኩል ከመጣ ምን እንደሚደረግ አስቀድመን ጽፈን፣ ዕጩዎቹም ፈርመውበት ነበር፦ በሁለቱ መካከል ድጋሚ ድምፅ፣ ያም ካልለያቸው ዕጣ። አንቀጹን ሳነብ ጫጫታው በረደ። እዚያው ቆሜ ሕግ ባወጣ ኖሮ ማን ይሰማኝ ነበር? በድጋሚው የሸዋ ሮቢቷ ልጅ አለፈች። የተሸነፈው ልጅም ቃለ ጉባኤው ላይ ሳያንገራግር ፈረመ።

አንድ የደብረ ብርሃን ልጅ ግን «እኛ ይህን ያህል ሆነን ከጥቂቶች እኩል ድምፅ እንዴት ይሆናል?» ብሎ ጠይቋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አብዛኛውን ሥራ የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። የሁሉም ሦስት ድምፅ ሳይነካ፣ አባል ለበዛበት ከተማ አንድ ይጨመር የሚል ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ጉባኤው ይወስንበታል። የማልደራደርበት ነገር ቢኖር ጊዜው ነው፦ ዕጩዎች ከታወቁ በኋላ ደንቡ አይነካም።