ቦቢ ማጉረምረም ሲያቆም

ቦቢን ሦስት ዓመት በሰንሰለት ያሰርኩት እኔው ነኝ። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። ሰፈራችን ውስጥ የግቢ ውሻ ኑሮ እንደዚያ ነው። በር በተንኳኳ ቁጥር ያጉረመርማል። እኔም በጫማ እለው ነበር። ኋላ ደግሞ አሰልጣኝ ነኝ ባይ አምጥቼ፣ ከፍዬ በአርጩሜ አስገረፍኩት። በሁለት ሳምንት ማጉረምረሙን ተወ። ደስ አለኝ።

አንድ ቅዳሜ የእህቴን ልጅ እጅ ነከሰ። ድምፅ እንኳ ሳያሰማ። ልጁ የቦቢን ጆሮ እየደባበሰ ነበር።

ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥበን ጤና ጣቢያ በረርን። ቦቢም 10 ቀን በቅርብ እንዲታይ ተባለ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በየዓመቱ ማስከተቤ ትንሽ አረጋጋኝ። ጎረቤቶቼ ግን «አስወግደው» አሉ። ኃይለኛ እንዲሆን በርበሬ አብላው ሲሉኝ የነበሩት እነሱው ናቸው!

የእንስሳት ሐኪሟ መጀመሪያ ያየችው ጆሮውን ነው። አፉን በጨርቅ አስራ ጆሮውን ገለበጠችው። ውስጡ ጥቁር ቡናማ እድፍ፣ ሽታው የተበላሸ ሊጥ። «ይሄ ውሻ እኮ ያመዋል» አለችኝ። አፈርኩ። አንድም ቀን ገልጬ አይቼው አላውቅም።

ጠብታው ከተጀመረ በኋላ የፖሊስ ውሻ ያሠለጥኑ ወደነበሩ ጡረተኛ ላከችኝ። ታሪኩን ሰምተው፣ «ክላክሱን ነቅለህ መኪናውን መንገድ ላይ ለቀቅኸው» አሉኝ። ማጉረምረሙ «ተዉኝ» ማለቱ ነበር ለካ።

ሰንሰለቱ ቀረ፤ የሽቦ አጥር ሠራንለት። ልምምዱ ቀላል ነው፦ አንድ ሰው በሩን ቀስ አድርጎ ያንኳኳል፣ እኔ ወዲያው የተቀቀለ ሳንባ እሰጠዋለሁ። በቀን ሁለቴ፣ አምስት አምስት ደቂቃ። የመጀመሪያውን ሳምንት አበላሸሁት። ሳንባውን አስቀድሜ ሳወጣ በሩ ይንኳኳል። ቦቢ ሳንባ ሲያይ መደንገጥ ጀመረ! ጡረተኛው ጋሼ ሳቁብኝ። «ኳኳታው ይቅደም፣ ምግቡ ይከተል» አሉኝ።

ሁለት ወር ፈጀብን። የመብራት ቆጣሪ አንባቢውን እስከ ዛሬ አይወደውም፤ እሱ ሲመጣ ጓሮ አስገባዋለሁ።

ባለፈው እሁድ የእህቴ ልጅ መጥቶ ቦቢ አጥንት እየጋጠ ሳለ ተጠጋው። ቦቢ አጉረመረመ። ልጁ እጁን ሰብስቦ ወደ ኋላ አለ። ማንም ማንንም አልተቆጣም። ቦቢም አጥንቱን ይዞ ወደ ጥላው ሄደ።