ታሪኬን ስንቴ ልናገር?

የአቦርጂናል፣ ማለትም የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ፣ እናቶችን የእርግዝና ክትትል በአጭር ጊዜ ውል ማስኬድ አይቻልም። ይህን የምለው ሥራዬ ስለሆነ ነው። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ የምሠራውም አውስትራሊያ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ውስጥ ከሲድኒ ራቅ ባለች ከተማ ነው።

ቤት ለቤት የምንዞረው ጥንድ ሆነን ነው፤ እኔና አንዲት የአቦርጂናል ጤና ሠራተኛ። የከተማው ሰው ሁሉ በአክብሮት «አንቲ» (አክስቴ) ይላታል፣ እኔም እንደዚያው። እኔ የደም ግፊት እለካለሁ፣ የጽንሱን የልብ ምት አዳምጣለሁ። እሷ በር ታስከፍታለች። ቀላል እንዳይመስላችሁ።

እዚህ አገር መንግሥት እስከ 1970ዎቹ ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የአቦርጂናል ልጆችን ከወላጆቻቸው እየነጠቀ ይወስድ ነበር። የአገሪቱ ፓርላማ ይቅርታ የጠየቀው በ2008 ነው። የዛሬዎቹ አያቶች ያንን ዘመን በዓይናቸው አይተዋል። ስለዚህ ነፍሰ ጡሯ ከቀጠሮ ስትቀር ቸልተኛ ናት ማለት አይደለም። «ልጄን ይወስዱብኝ ይሆን?» ብላ ፈርታ ሊሆን ይችላል። አንዲት ወጣት ሆዷ ገፍቶ እንኳ አልመጣ ብላን ነበር። በመጨረሻ የመጣችው አንቲ አያቷን ስለምታውቅ ብቻ ነው።

ይህ የጥንድ አሠራር በግዛታችን የተጀመረው በ2001 ነው። በሌላ ግዛት ባለችው ብሪዝበን ከተማ ደግሞ ከ2013 ጀምሮ የአቦርጂናል ድርጅቶች ከሆስፒታል ጋር ተባብረው፣ እናቲቱን ከእርግዝና እስከ ድኅረ ወሊድ አንዷ አዋላጅ እንድትከታተላት አድርገዋል። ውጤቱ በ2021 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ታተመ፤ ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት ቀንሰዋል።

የሚሠራው ነገር ታውቋል ማለት ነው። የጎደለው የማይቋረጥ በጀት ነው። የእኛ ውል ሊያልቅ ሲል ይታደሳል አይታደስም እያልን እንሰነብታለን። የቤት ብድር ያለባት ሠራተኛ እስከዚያ አትጠብቅም፤ ሌላ ሥራ ፈልጋ ትሄዳለች። የሕፃናት ነርሳችንን ያጣናት በዚህ ምክንያት ነው። በምትኳ ከኤጀንሲ የተላኩት ጎበዞች ናቸው፤ ግን ሳምንታት ሠርተው ይመለሳሉ። አንዲት እናት ሌላ አዲስ ሰው ስትመጣባት «ታሪኬን ስንቴ ልናገር?» አለችና ክትትሉን ተወችው። አልፈርድባትም።

እስከ 2031 ድረስ ከአቦርጂናልና ከቶረስ ስትሬት ደሴቶች (ሌላው የአገሪቱ ነባር ሕዝብ) ሕፃናት 91 በመቶው ጤናማ ክብደት ይዘው እንዲወለዱ አገር አቀፍ ግብ ተቀምጧል። ጥሩ ግብ ነው። ለዚያ ግን ሲጋራ ማቆም፣ የደም ማነስን ማከም፣ ኢንፌክሽንን በጊዜ ማግኘት ያስፈልጋል። ስለ ሲጋራ፣ ወይም ቤት ውስጥ ስለሚመታት ሰው፣ አንዲት ሴት በመጀመሪያው ቀን አትነግራችሁም። መጀመሪያ ታያችኋለች። ተመልሳችሁ ትመጡ እንደሆነ ትጠብቃለች።

እኔ የምጠይቀው ቢያንስ የአምስት ዓመት በጀት ነው፤ ያውም ማኅበረሰቡ ራሱ ለሚመራቸው የጤና ድርጅቶች። የመጀመሪያው ሬድፈርን በተባለው የሲድኒ ሰፈር ከተቋቋመበት ከ1971 ጀምሮ ሥራውን ያውቁበታል።

አንቲ ጡረታዋ እየቀረበ ነው። ሥራዋን ለመረከብ የምትፈልግ የዚሁ ከተማ ልጅ አለች፤ እናቶቹም ይወዷታል። የሥልጠና ደመወዟ በቀጣዩ ውል ውስጥ ይካተት እንደሆነ ጠይቀን መልስ እየጠበቅን ነው።