አሻንጉሊቷ ትጠብቅ

ወደ ልጆች ፕሮግራም የገባሁት በድምፄ ነው። መጀመሪያ ወደ አማርኛ ለሚመለሱ የአኒሜሽን ፊልሞች ድምፅ እሰጥ ነበር። በዚህ ሥራ የትንንሽ ልጆችን ድምፅ፣ የወንዶቹንም ጭምር፣ ብዙ ጊዜ የምንሠራው አዋቂ ሴቶች ነን። ልጅ ትምህርት ቤት ይውላል፣ ቶሎ ይደክመዋል፣ ሲያድግም ድምፁ ይቀየራል። የእኛ ግን ለዓመታት ያው ነው። የመቅረጫ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ይሞቃል። ልብስ ትንሽ ከተንኮሻኮሸ ማይኩ ይይዘዋል። ክረምት ላይ ደግሞ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ከወረደ ሥራ ቆመ ማለት ነው። እስኪያባራ ሻይ እየጠጡ መጠበቅ ነው።

ከዚያ በአንድ የቴሌቪዥን የልጆች ፕሮግራም ላይ ለአንዲት የእጅ አሻንጉሊት ድምፅ እንድሆን ተጠራሁ። ቆይቼም የዚያው ፕሮግራም ፕሮዲውሰር ሆንኩ። መንገዱ አገራችን ውስጥ አዲስ አይደለም። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ስትጀምር የቀጭኔዋን የፀሐይን ድምፅ የሠራችው ራሷ ናት። ፕሮግራሙም እ.ኤ.አ. በ2008 ዓለም አቀፉን የጃፓን ሽልማት አግኝቷል። ድምፅ ስትሰጪ ከማይኩ ወዲያ ያለውን ልጅ በዓይነ ኅሊናሽ ታይዋለሽ። ያ ልማድ ፕሮዲውሰር ስትሆኚም አይለቅሽም።

ነገሩ የተፈጠረው ስለ እጅ መታጠብ በሠራነው ክፍል ላይ ነው። አሻንጉሊቷ ከሽንት ቤት ትመጣና «ልጆች፣ ምሳ ከመብላቴ በፊት ምን ላድርግ?» ትላለች። ከዚያ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ስቀረጽ ዝምታውን በልቤ እየቆጠርኩ ነበር የምተወው። ኤዲት ተደርጎ ሲመጣ ግን ዝምታዎቹ በሙሉ ተቆርጠዋል። ጥያቄው እንዳለቀ መልሱ ይከተላል።

ኤዲተሩ ያለ ምክንያት አልቆረጠም። ከዚያ በፊት የላክነው ክፍል «ድምፅ ይቋረጣል» ተብሎ ከጣቢያው ተመልሶብን ነበር። ጣቢያ ላይ ድምፅ ለጥቂት ሰከንድ ከጠፋ እንደ ብልሽት ነው የሚታየው። የአየር ሰዓቱም አጭር ነው። ልጁ ጎበዝ ባለሙያ ነው፤ ያየው የቴሌቪዥኑን ደንብ ነው።

አልተከራከርኩትም። «ተነሥ፣ ልጆቹ ጋ እንሂድ» አልኩት። ላፕቶፕና ፕሮጀክተር ይዘን አንድ መዋዕለ ሕፃናት ሄድን። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሲመጣ ሁሉም አፋቸውን ከፈቱ። «እጅሽን ታጠ...» ሲሉ አሻንጉሊቷ ቀድማ መልሳ አልፋለች። ሁለተኛው ላይ የተወሰኑት ሞከሩ። ከዚያ በኋላ ማንም አልሞከረም። ፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ ወደ አስተማሪዋ ዞራ «ቲቸር፣ አትሰማንም እኮ!» አለች።

ስንወጣ ኤዲተሩ «ጸጥ ብለው እኮ ነው ያዩት፣ ወደውታል» አለኝ። እዚህ ላይ ነው እኔ አጥብቄ የምናገረው። ጸጥ ያለ ልጅ ጨዋ ልጅ ነው እየተባልን ነው ያደግነው። ስለዚህ የልጅን ዝምታ ስናይ ደስ ይለናል። አባባ ተስፋዬ «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ብለው ሰላም ሲሉን ግን እኛ በየቤታችን እየጮኽን ነበር የምንመልስላቸው። ልጅ ፕሮግራም ሲወድ ያወራል። እነዚያ ልጆች ዝም ያሉት ሰሚ እንደሌላቸው ስለገባቸው ነው።

ትንሽ ልጅ ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል። ጥያቄውን መስማት አለበት፣ ማሰብ አለበት፣ ቃሉን ማግኘት አለበት። ደግሞ ልጆች ሲሰበሰቡ ደፋሩ ይጀምራል፤ ዓይን አፋሮቹ እሱን ተከትለው ነው የሚገቡት። መጠበቂያው ካጠረ ደፋሩ ብቻ ይመልሳል። የኋላ ረድፍ ላይ ያለችው ዓይን አፋር ልጅ አንድም ቀን ድምፅዋን ሳታወጣ ፕሮግራሙ ያልቃል። እኔ ፕሮግራሙን የምሠራው በዋናነት ለእሷ ነው።

የጣቢያውም ደንብ ግን ደንብ ነው። እንደገና መቅረጫ ክፍል ገባሁና የመጠበቂያ ድምፆችን ብቻ ቀረጽኩ። «እ...?»፣ «እህ...»፣ ትንፋሽ ሳብ ማድረግ፣ «ልስማችሁ እስኪ»። አሻንጉሊቷን የሚያንቀሳቅሰው ባልደረባችን ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጎ ጆሮዋን ወደ ካሜራው አስጠጋ። ከሥር ስስ ሙዚቃ ገባ። መጠበቂያው አራት ሰከንድ ያህል ሆነ፤ ድምፅ ግን አልጠፋም። ጣቢያውም ያለ አስተያየት ተቀበለው።

ሌላም የቀየርነው ነገር አለ። ስክሪፕቱ ከመጠበቂያው በኋላ «ጎበዞች፣ ልክ ናችሁ!» ይል ነበር። እሱን አወጣነው። አሻንጉሊቷ ልጁ ምን እንዳለ አታውቅም። «ተኚ» ያለውን ልጅ ልክ ነህ ማለት እሱን ማታለል ነው። አሁን «እጄን በሳሙና ልታጠብ!» ብላ ትነሣለች። የመለሰው ይደሰታል፣ የተሳሳተውም ይሰማል፣ ማንም አያፍርም።

ሌላ መዋዕለ ሕፃናት ይዘነው ስንሄድ ክፍሉ በጩኸት ተሞላ። አንዱ ልጅ ጭራሽ ገና ያልተጠየቀውን «ሳሙና! ሳሙና!» እያለ ይጮኽ ነበር። ኤዲተሩ ከኋላ ቆሞ የትኛው ጥያቄ ላይ መልስ እንደዘገየ በስልኩ ይመዘግባል። ሁለት ቦታ ላይ መጠበቂያውን ራሱ አስረዘመው።

በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ አንዳንዶቹን ክፍሎች ለሬዲዮ አዘጋጀናቸው። እዚያ ዘንበል የሚል ጭንቅላት የለም፤ መጠበቁ በሙሉ ድምፅ ላይ ወደቀ። ስለዚህ አሻንጉሊቷ እየጠበቀች ሌላ ነገር እንድትሠራ አደረግን፤ ውኃ ከጆግ ትቀዳለች፣ በር ድረስ ትራመዳለች፣ ተመልሳ «እሺ?» ትላለች። ይህን አሠራር ለቴሌቪዥኑም ወስደነዋል። አሁን በየስክሪፕታችን እያንዳንዱ መጠበቂያ ከነሰከንዱ ይጻፋል። ሰዓት ሲጠብብን መጀመሪያ የሚቆረጠው የመግቢያ ዘፈኑ ነው።